በአያት መንገድ፦ የቂርያት ጋት ቅኝት

ከቴል አቪቭ ወደ ቤር ሼቫ የሚወርደው ባቡር ቂርያት ጋት ሲቆም፣ አብረው የሚወርዱት ሰዎች ከተማዋን ያስተዋውቃሉ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ መሐንዲስ አለ፤ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ወታደር አለ፤ ነጠላዋን አጣፍታ የልጅ ልጇን በእጇ የያዘች አያትም አለች። ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፣ ስለ ሳይንስና ስለ ዜግነት ለሕዝብ የሚሰጥ ገለጻ በዚህች ከተማ ለማን እንደሚደርስ ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ የሚሻለው የአያቲቱን መንገድ መከተል ነው።

ቂርያት ጋት የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አሪዬ ሎቫ ኤሊያቭ በመራው የላኪሽ አካባቢ የሰፈራ ዕቅድ መጀመሪያ የገቡት ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ከእነሱ በፊት በአካባቢው ዒራቅ አል መንሺያና አል ፋሉጃ የሚባሉ የፍልስጤማውያን መንደሮች ነበሩ። በ1948ቱ ጦርነት እዚያ ከተከበቡት የግብፅ መኮንኖች አንዱ ገማል አብደል ናስር ሲሆን፣ የመንደሮቹ ሰዎች በ1949 ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ከተማዋ ዳር ያለው የቴል ኤራኒ ጉብታ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በዕድሜ እጅግ ይቀድማል። ከተማዋን የሰየሙት ሰዎች የጎልያድ አገር ጋት ይህ ጉብታ ነው ብለው ነበር፤ ዛሬ ተመራማሪዎች ጋት ነበረች የሚሉት ቴል ጻፊት ላይ ነው። ቴል ኤራኒ ግን ባዶ እጁን አልቀረም፤ ከ5,000 ዓመት በፊት የነገሠው የግብፁ ናርመር ስም የተቀረጸበት ሸክላ ተቆፍሮ ወጥቶበታል። ለቂርያት ጋት ልጆች የሳይንስ ትምህርት የሚጀመርበት ቦታ ቢፈለግ፣ በእግር የሚደረስበት ይህ ጉብታ አለላቸው።

ወደ መሀል ከተማ፣ ወደ ላኪሽ ጎዳና እንግባ። በእስራኤል ከተሞች ሁሉ እንደሚደረገው፣ ለሕዝብ የሚሰጥ ገለጻ የሚካሄደው ማትናስ በሚባለው የማኅበረሰብ ማዕከል፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በባህል አዳራሽ ነው። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ በዕብራይስጥ ይለጠፋል፤ ሰዓቱም ምሽት ነው። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ወይም ጽዳት ላይ ውላ የገባች እናት፣ ልጆቿን የምታስይዘው ሰው ሳታገኝ፣ ጥቅሱንና ቀልዱን በማትከተለው ቋንቋ የሚነገር ንግግር ልትሰማ ትሄዳለች ማለት ዘበት ነው። አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል፤ በሩ መከፈቱ ብቻውን ግን እሷን አያስገባትም።

በከተማዋ ከኢትዮጵያ የመጣው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ብዙ ነው። ከፊሉ በ1984 መጨረሻ ከሱዳን በተጀመረው ዘመቻ ሙሴ፣ ከፊሉ 14 ሺህ ያህል ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በተጓዘበት የግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን፣ ሌላው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ወላጆቹ ሕፃን ማሳደግን ከማንም አልተዋሱም። በጀርባ ማዘል፣ እሹሩሩ፣ እንቆቅልሽ፣ ማታ ማታ የሚነገር ተረት፣ ልጅን የሠፈሩ ሁሉ አድርጎ መቅጣትና መመገብ፣ ይህ ሁሉ አብሯቸው ገብቷል። አዲሱ አገር ግን ብዙ ጊዜ የተቀበላቸው፣ የጎደላቸውን በመቁጠር ነው።

አያቲቱ ልጁን ይዛ የምትገባበት አንዱ ቦታ ቲፓት ሀላብ ነው፤ ክትባት የሚሰጥበት፣ ክብደትና ቁመት የሚለካበት የሕፃናት ጤና ጣቢያ። የሃዳሳ ነርሶች በ1920ዎቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጀመሩት ወዲህ በመላ አገሪቱ ተዘርግቷል። በእኔ እምነት በከተማዋ ከሚሰጡት ገለጻዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚሰማው እዚህ፣ ነርሷ ሕፃኑን ሚዛን ላይ አስቀምጣ የምትናገረው አጭር ቃል ነው። በጥሞና የሚሰማው ደግሞ በአማርኛ ሲነገር ነው።

ይህን ቀድሞ የተረዳ ሥራ እዚሁ አገር ተወልዷል። አቪማ ሎምባርድ በ1969 በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የጀመረችው፣ እዚህ ኤትጋር የሚባለው ፕሮግራም እናትየዋን አዳራሽ አልጠራትም። ከሠፈሯ የወጣች፣ ቋንቋዋን የምትናገር፣ ራሷም እናት የሆነች ሴት ሠልጥና መጽሐፍና መጫወቻ ይዛ ወደ ቤቷ ትመጣለች፤ እናት ለልጇ አስተማሪ ትሆናለች። ከዚያ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሯል። አዲስ አበባም በቅርብ ዓመታት የወላጆች አማካሪዎችን ቤት ለቤት ማሰማራቷ ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ይገጥማል።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፕኒና ክላይን ሥራ ነው። በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረችው ክላይን በ2011 የእስራኤልን ሽልማት ያገኘች ሲሆን፣ ሚስክ የተባለው መንገዷ ከኖርዌይ ባልደረቦች ጋር በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። መንገዱ ውድ መጫወቻ አይጠይቅም። ሕፃኑ የሚያየውን አብሮ ማየት፣ የሚያየውን ነገር በስሙና በስሜት መጥራት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ማሻገር፣ ያደረገውን ነገር ለይቶ ማመስገን፣ ከመጣደፉ በፊት እንዲያስብ መርዳት፤ አምስቱም ወጥ እየሠሩ የሚደረጉ ናቸው። ሽንኩርት እየከተፈች «ተመልከት፣ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ያንተንስ?» የምትል እናት ሦስቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈጽማለች። አንጎል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከአዋቂ መጠኑ ወደ 80 በመቶ እንደሚደርስ ለወላጅ ከመንገር ይልቅ፣ ይህን ማሳየት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። «ልጅህ ዕብራይስጥ እንዲያውቅ በአማርኛ አታናግረው» የሚለው ምክር ስንት ቤት አፍ እንዳዘጋ የምናውቅ እናውቃለን። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም፤ ጥናቱ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በተሰባበረ ዕብራይስጥ ሃያ ቃል ከሚሰማ ልጅ፣ በአማርኛ ተረት፣ ክርክርና ጥያቄ የሚሰማ ልጅ የበለጠ ያተርፋል፤ ያንኑ ይዞ ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) ይገባና በሁለተኛው ቋንቋ ይጠቀምበታል። ይህን በአማርኛ የሚናገር ባለሙያ በእያንዳንዱ ማትናስ ያስፈልጋል።

በከተማዋ ጫፍ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል አለ። የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1999፣ ፋብ 28 የተባለው በ2008 ሥራ ጀመረ፤ ከሆስፒታል ክፍል በላይ በጸዳ አየር ውስጥ በዓይን የማይታይ መስመር ሲሊከን ላይ ይቀረጻል። ጥያቄው፣ ከአውቶቡስ መስኮት ሕንጻውን እያየ የሚያድገው ልጅ ውስጡ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው ያገኛል ወይ ነው። ከመሐንዲሶቹ መካከል አማርኛ የሚናገር አንድ ሰው ልጆችንና ወላጆችን አንድ ላይ አስቀምጦ ሥራውን ቢያስረዳ፣ ከብዙ የማበረታቻ ንግግር ይበልጣል።

ካርሜ ጋት አዲሱ ሠፈር ነው። ጥቅምት 7 ቀን 2023 በተፈጸመው ጥቃት ከአራት ነዋሪው አንዱ የተገደለበት ወይም የታገተበት የኒር ኦዝ ኪቡትዝ ማኅበረሰብ በ2024 መጀመሪያ እዚህ ገባ። በከተማዋ ስለ ሕፃናትና ስለ ድንጋጤ መነጋገር የግድ ሆነ። ወደ እስራኤል ሲጓዙ በሱዳን በረሃ ልጆቻቸውን የቀበሩ፣ በዚያ ጉዞ 4,000 ያህል ወገኖቻቸውን ያጡ አረጋውያንም በዚሁ ከተማ አሉ። ስለዚህ ነገር እነሱም ሊጠየቁ ይገባል።

የዜግነቱ ነገር ከዚህ አይለይም። በጥር 2012 ጎረቤት ከተማ ቂርያት ማላኺ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም በማለት የተስማሙ ነዋሪዎች መኖራቸው ሲታወቅ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ ዘረኝነትን ለማጥፋት ምክረ ሐሳብ አቀረበ። መብትን ማወቅም የዚሁ ክፍል ነው፦ ከ2012 ጀምሮ ነፃው ትምህርት ከ3 ዓመት ይጀምራል፤ በ2022 ደግሞ ከዚያ በታች ላሉ ልጆች የሚሆኑት መዖኖች (የሕፃናት መዋያዎች) ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወሩ። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ልጄ ለምን ወደዚህ ጋን ተመደበ፣ ለምን ወደ ልዩ ትምህርት ይላካል ብሎ ይጠይቃል፤ የማያውቅ ይፈርማል።

ገለጻ የምታዘጋጁ ሆይ፣ ማስታወቂያውን በአማርኛም ጻፉ፤ ሰዓቱን ጋን ከሚለቀቅበት ጋር አገናኙት፤ ልጆቹን የሚይዝ ሰው መድቡ፤ ከንግግሩ ጊዜ ግማሹን ለአያቶች ተዉ። ወላጆችም ጥሪው ሲደርሳችሁ አትቅሩ፤ ያልገባችሁን በአማርኛ ጠይቁ፣ መልሱንም በአማርኛ ጠብቁ።