ጊዜ የለኝም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ስልኬ ያጋለጠኝ ቀን ነው። እሁድ ከሰዓት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ማረም ትቼ ተጋድሜ ስልኬን ስነካካ፣ በቀን ስንት ሰዓት ስክሪኑ ላይ እንደማፈጥ የሚቆጥር ነገር አገኘሁ። ከፈትኩት። በአማካይ በቀን 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይላል። መጀመሪያ «ተሳስቷል» አልኩ። ከዚያ ዝርዝሩን አየሁት፤ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም። አልተሳሳተም።

ያን ዕለት ለስንት ሰው «ጊዜ የለኝም» እንዳልኩ ማሰብ ጀመርኩ። ልጄ «አባዬ፣ ሂሳብ አስረዳኝ» ስትለኝ ጊዜ የለኝም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደም ግፊቴን ለክታ 150 በ95 ስታገኘው «ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ተንቀሳቀስ» አለችኝ፤ ለእሷም «ጊዜ የለኝም እህቴ» ብያታለሁ። ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ወዲህ «በክረምት ዲግሪዬን እቀጥላለሁ» እያልኩ ስንት ክረምት እንዳለፈማ አትጠይቁኝ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የአባባ ነው።

አባባ እናታችን ካረፈች በኋላ ደብረ ብርሃን እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ሲመጡ ይዘውት የመጡት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍና ቦቢ የሚባለውን ውሻቸውን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቦቢን አስከትለው እስከ በሬሳ ወንዝ ደርሰው ይመለሱ ነበር። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አይቀሩም። ከዚያ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ያነባሉ።

የዛሬ 3 ዓመት ገደማ «ዓይኔ ደከም አለ» አሉኝ። አንዳንዴ የበሩ መቃን ትከሻቸውን ይመታቸዋል፤ ጎናቸው የተቀመጠውን ሲኒ ሳያዩት ይደፉታል። «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ቀለለኝ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከትምህርት ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለ፤ ወረፋው አለ፤ ጊዜ የለኝም። «እንግዲህ ይብሰል» ብለን ተቀመጥን። እስኪበስል ስንጠብቅ ዓመት ከምናምን አለፈ።

በመጨረሻ ስንሄድ ሐኪሙ ሞራ አይደለም፣ ግላኮማ ነው አለን። ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ጥገና ይወጣና ሰው መልሶ ያያል። ግላኮማ ግን ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው የሚጎዳው፤ ብዙ ጊዜም ከዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው።

አባባ ምንም አላሉም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «ሸኖ ደረስን እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ሸኖን ካለፍነው ቆይተን ነበር። ድሮ ቅቤ ሻጮቹን ከሩቅ አይተው «ደረስን» የሚሉን እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ ተዘጋ። የጠዋት መንገዱም ቀረ። ቦቢ በሰዓቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚወጣ ሰው ሲያጣ ተመልሶ እግራቸው ስር ይተኛል። አንድ ማታ «ልጄ፣ እስቲ ፍቅር እስከ መቃብርን አንድ ሁለት ገጽ አንብብልኝ» አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ያን እሁድ ያ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፊቴ ሲደቀን፣ መጀመሪያ የመጣልኝ የአባባ ድምፅ ነው። ተነሳሁ። ግን ሰው አይደለሁ፣ አቋራጭ ፈለግሁ። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል፤ ትረካው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ስልኬን አጠገባቸው አስቀምጬ ከፈትኩላቸው። ድምፁን እንደሰሙ ፊታቸው በራ። ተገላገልኩ ብዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ወጋየሁ ወደር የለውም» አሉ። «ግን ላቋርጠው ብል አይሰማኝም። አንድ ነገር ብጠይቀው አይመልስልኝም። አንተ ብታነብልኝስ?»

ተቀመጥኩ። መጽሐፉ ዳርና ዳሩ አርጅቶ በፕላስተር ተያይዟል። ማንበብ ስጀምር እንደ ተማሪዎቼ ተንተባተብኩ፤ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እጄ በራሱ ወደ ኪሴ ሄደ። ቀስ በቀስ ግን ለመደልኝ። ጉዱ ካሣ ሲመጣ አባባ ያስቆሙኛል። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄን ሰውዬ የሚመስል እኛ አገርም አንድ ነበረ» ይሉና ወሬው ወደ ልጅነታቸው ይሄዳል። አባቴ በልጅነታቸው ለመማር ሲሉ ከቤት ኮብልለው ሁለት ቀን በእግራቸው እንደተጓዙ ያወቅሁት በ36 ዓመቴ ነው። እዚያው ቤት፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ አብረን እየኖርን እኮ ነው!

የጠዋቱም መንገድ እንዲሁ ተጀመረ። ቦቢን ይዤ መውጣት ጀመርኩ። እርምጃ የሚቆጥር አፕ ጫንኩ፤ በቀን 10,000 ብዬ ሞላሁ። አንድ ቅዳሜ እቤት ተኝቼ ውዬ ማታ ላይ ስልኬ «እንኳን ደስ አለህ፣ ግብህን አሳክተሃል» አለኝ። ለካ ልጄ ስልኬን በሻሽ ጠቅልላ ቦቢ አንገት ላይ አስራ ግቢውን ስታሯሩጠው ውላለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባባም ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁና «በሉ ነገ እኔንም ውሰዱኝ» አሉ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቦቢ ከፊት፣ እኔና አባባ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ከኋላ ነን። መንገዱን ከኔ በላይ ያውቁታል። «እዚህ ጋ ቦይ አለች፣ ተጠንቀቅ» ይሉኛል። ለእኔ! ግፊቴም 130 በ85 ወርዷል።

አንድ የደበቅኋችሁ ነገር አለ። ያኔ ሐኪሙ አባባን ከመረመረ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ልጆቻቸውና ወንድም እህቶቻቸውም ይታዩ፤ በቤተሰብ የሚሄድ በሽታ ነው» ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬ ረሳሁት። ረሳሁት ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ፈራሁ። ባለፈው ወር ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የቀኝ ዓይኔ ግፊት ከፍ ማለት ጀምሯል፤ ነርቩ ግን ገና አልተጎዳም። በየ6 ወሩ ክትትል አለኝ። ሐኪሙ ካርዴ ላይ እየጻፈ «በጊዜ መጣህ» አለኝ።

በጊዜ። ይህቺ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ለአባባ ይህን ያላቸው የለም። ቀድሜ ወስጃቸው ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይተርፍላቸው እንደነበር እንጃ፤ ሐኪሙንም ደፍሬ አልጠየቅሁትም። አንድ ቀን ማታ ስናነብ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «አንብብ፣ አንብብ» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ወዳጆቼ፣ አባት እናታችሁ «ሞራ ነው፣ ይብሰል» ካሏችሁ አትስሟቸው፤ ውሰዷቸው። ከቤተሰባችሁ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ እናንተም ሳያማችሁ ታዩ። ምርመራው አያምም።

ስልኬን አልጣልኩትም። ይሄንንም የጻፍኩት በእሱ ነው፤ ነገ ቆጠራው ውስጥ ይገባል። ያለፈው ሳምንት አማካይ 2 ሰዓት ከ40 ነው። ገና ነኝ።

በሉ፣ አባባ እየጠሩኝ ነው። ዛሬ ተራው የልጄ ነው፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ የምትስተውን አርማለሁ። የቀረን 60 ገጽ ገደማ ነው። አባባ መጨረሻውን ያውቁታል፤ ቢሆንም በየምሽቱ «ቀስ በሉ፣ ምን ያስቸኩላችኋል» ይሉናል።

መልካም ምሽት።