ጋፋት፦ ለጨለማ አኒሜ ወዳጆች የሚሆን ኮረብታ

አኒሜ የሚወድ ልጅ፣ ወንድም ወይም የትዳር ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት። አፍቃሪዎቹ እናንተው ከሆናችሁ ደግሞ እኔም ከእናንተው ወገን ነኝ። ሠላሳዎቹን ተሻግሬም «አንድ ክፍል ብቻ» እያልኩ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የማመሽ ሰው ነኝ። የምወደውም የሚያስቀውን ዓይነት አይደለም፤ ጨለማውን ነው። ግንብ የሚፈርስበትን፣ ሰይፍ የሚመዘዝበትን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ እስከ መጨረሻው በሕይወት ይቆያል ብላችሁ እርግጠኛ የማትሆኑበትን።

እንዲህ ዓይነት ሰው እረፍት ሲያገኝ የት ይሂድ? ላንጋኖም ጥሩ ነው፣ ቢሾፍቱም ጥሩ ነው። እኔ ግን ደብረ ታቦር ውጡ እላለሁ። ከደብረ ታቦር ደግሞ ጋፋት።

መንገዱ ከባሕር ዳር ይጀምራል። ሐሙሲትን አልፋችሁ ወደ ፎገራ ሜዳ ስትገቡ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ ክረምት ላይ ከሆነ ውኃ የተኛበት አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። ወረታ ላይ የጎንደሩን አስፋልት ትታችሁ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ አውራ አምባን ታልፋላችሁ፣ ዓለም በር ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ መኪናው መተንፈስ እስኪያቅተው ሽቅብ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያወለቃችሁትን ሹራብ ትፈልጉታላችሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደብረ ታቦር ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትርን አልፋችኋል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ጭጋጉን ተከናንቦ ይጠብቃችኋል። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ይህ በአሁኑ ጊዜ ጋቢ ከመያዝ ይቀድማል።

ጋፋት ከከተማው ዳር ናት። ባጃጅ ትይዛላችሁ፣ የቀረውን በእግር ትጨርሱታላችሁ። ዓይን የሚሞላ ግንብ ፍለጋ አትውጡ፤ የጎንደር ፋሲል ግቢን የለመደ ሰው «ይኼ ነው እንዴ?» ሊል ይችላል። ሣር፣ ድንጋይ፣ የገበሬ ማሳ፣ ባሕር ዛፍና የማያቋርጥ ነፋስ ነው። ጋፋት ላይ የሚታየው ነገር ግማሹን እናንተው ይዛችሁት የምትመጡት ነው። ያንን ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው ይህን የምጽፈው።

በ1850ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እዚህ ኮረብታ ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰፈሩ። አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም አብረዋቸው ነበሩ። ሚስዮናውያኑ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉና ሙያ ሊያስተምሩ ነው። ንጉሡ ግን ከሙያው መርጠው አንዱን ብቻ ፈለጉ፦ መድፍ። አናውቅም አሉ። ሞክሩ ተባሉ። ሞከሩ፣ ከሸፈ። እንደገና ሞክሩ ተባሉ። ዋልድማየር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይህን ጭንቀት ተርኮታል። በመጨረሻ እቶኑ ታዘዘላቸው፤ ነሐሱ ቀለጠ፣ ቅርጹን ያዘ።

ፉልሜታል አልኬሚስትን ያየ ሰው እዚህ ላይ ጆሮው ይቆማል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን ሊመልሱ የተከለከለ ጥበብ ይሞክራሉ፤ ታላቁ እግሩንና እጁን፣ ታናሹ መላ አካሉን ያጣል። ታላቁ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ጥበቡን ለመንግሥት አከራይቶ ነው፤ ሕዝቡም እንደ እሱ ያሉትን የጦሩ ውሾች እያለ ይሰድባቸዋል። የታሪኩ ጸሐፊ ሂሮሙ አራካዋ በሆካይዶ የከብት እርባታ ውስጥ ያደገች ሴት ናት፤ ስለ ጦርነት ከመጻፏ በፊትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ አዛውንቶችን አነጋግራለች። ለዚህ ነው ወታደሮቿ ከድል በኋላ እንቅልፍ የሚያጡት። ጋፋት ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ንጉሡ ብቻ አይደለም። ወንጌል ሊሰብክ መጥቶ የመድፍ ቅርጽ ሲያለዝብ ስለዋለው ሰውም ጭምር ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ ጸለየ?

ከሠሯቸው ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ነው። ስሙ ከክራይሚያ ጦርነት የተወሰደ ነው፤ ከ1854 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦር ተከብባ ከነበረችው የሩሲያ ከተማ። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ስታልፉ የምታዩት ቅጂው ነው፤ እውነተኛው ዛሬም መቅደላ አናት ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ካርታ አውጡና ከደብረ ታቦር መቅደላ ያለውን መሬት ተመልከቱ። ጅዳ አለ፣ በሽሎ አለ፤ ሁለቱም የሰው ጉልበት የሚፈትሹ ገደላማ ሸለቆዎች ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉን የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። አለት እየተፈለጠ፣ ቁልቁለቱ እየተደለደለ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ እየያዙ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ የዓይን ምስክሮች አይተዋቸዋል። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያው ሰሞን እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥተው መድፎቻቸውን ከሕንድ ባመጧቸው ዝሆኖች ጭነው ይመጡ ነበር።

በአኒሜ ቢሆን ይህ ጉዞ ብቻውን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሆን ነበር፤ ሃያ አራት ክፍል፣ ጭቃ፣ ገመድና ትንፋሽ። የጃፓን ሠዓሊዎች እንዲህ ያለውን ነገር ይችሉበታል። በርሰርክ የተባለውን የኬንታሮ ሚዩራን ሥራ ያያችሁ፣ ሰውዬው ከቁመቱ የሚበልጥ ሰይፍ ተሸክሞ ሲራመድ የብረቱ ክብደት ትከሻችሁ ላይ እንደሚሰማችሁ ታውቃላችሁ። ግራ እጁ ደግሞ ሰው ሠራሽ ነው፤ ውስጡ መድፍ ተደብቋል። ሚዩራ ታሪኩን ሳይጨርስ በ2021 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል ለማላውቀው ሰው አዝኜ አላውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። አታክ ኦን ታይታንን ያልጨረሳችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ታሪኩ የሚጀምረው ሰው በላ ግዙፎችን ፈርቶ በግንብ ውስጥ በሚኖር ሕዝብ ነው። ግንቡ ይፈርሳል፣ ኤረን የሚባለው ልጅ እናቱ ስትበላ ያያል፣ ነጻነትን እየተመኘ ያድጋል። አራት ምዕራፍ ሙሉ ከጎኑ ቆማችሁ ስታለቅሱለት የኖራችሁት ይኸው ልጅ በመጨረሻ ዓለምን ረግጦ የሚያጠፋው እሱ ሆኖ ይገኛል። የት ላይ ተለወጠ? ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ብትፈልጉ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ብላችሁ አትጠቁሙትም። የአጨራረሱን ነገር ብዙ ሰው አልወደደውም፤ እኔም መጨረሻው ተቻኩሏል ከሚሉት ነኝ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

ለእኛ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ቴዎድሮስ የመሳፍንቱን ዘመን የዘጉ፣ የባሪያ ንግድን ለማስቆም የተነሡ፣ ከድሃ ጋር የበሉ ሰው ነበሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ያቃጠሉትም እርሳቸው ናቸው። ከመሞታቸው ከጥቂት ቀናት በፊት መቅደላ ላይ እስረኞችን ወደ ገደል ያስወረወሩትም እርሳቸው። አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ መድፎቹ ያን ሁሉ የተለፋባቸውን አላደረጉም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በየተራ የተመለሱበት ታሪክ ነው። በየትምህርት ቤቱ ስንማረው ግን ከሽጉጡ እንጀምርና ገደሉን እንዘለዋለን። ለእኔ የጨለማ አኒሜ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ የምትወዱትን ሰው ሳትጠሉ፣ ያደረገውንም ሳትሸፍኑ ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ መቀመጥን ያለማምዳችኋል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ አባቱን ያጣው በዚያች ሚያዝያ ነው፤ እናቱ ጥሩወርቅም ወደ ባሕር ሲወስዷቸው መንገድ ላይ ዐረፈች። በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፣ ዊንድሶር ተቀበረ። እንዲህ ያለ ልጅ በአኒሜ ውስጥ ቢሆን ለበቀል ያድግ ነበር።

ደብረ ታቦር የማርፈው አክስቴ ቤት ነው። የአክስቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ አይቷል። ፍላሹን ይዞ ከጓደኛ ጓደኛ ሲገለብጥ ይውላል። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለታችን ስልኩ ላይ ተደፍተን ሳለ አክስቴ ጀበናዋን አስቀመጠችና፣

«ኧረ ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ደም ምን ያደርግላችኋል? የሰማነው አይበቃም?» አለችኝ።

የሰማነው ያለችው ምን እንደሆነ ገብቶኛል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በጋይንት በኩል ወደ ጉና ተጠግቶ ነበር። የቡሄ ሰሞን ነው፤ ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትን በዓል የምታከብርበት ወቅት። ያን ዓመት ግን ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ውስጥ ወድቆ ሰው ገድሏል። የአክስቴ ልጅ ያኔ ገና ልጅ ነበር። መልስ የሰጠውም እሱ ነው፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣

«እሱ ላይኮ ቢያንስ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይነግሩናል፣ እማዬ» አለ።

አክስቴ ዝም ብላ ሦስተኛውን ቀዳች።

ወላጆች፣ ከዚህ ተነሥቼ ልጆቻችሁን ልቀቋቸው ልላችሁ አይደለም። ካርቱን ስለሆነ ብቻ ለልጅ የተሠራ የሚመስለው ሰው አሁንም ብዙ ነው። በርሰርክ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጅ ፊት አትክፈቱት። አታክ ኦን ታይታን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይከብዳል ግን ይሆናል፤ አብራችሁ ብታዩት ደግሞ ይሻላል። ዲመን ስሌየር አንገት ይቆረጥበታል እንጂ ልቡ ለስላሳ ነው፤ ጀግናው የገደለውን ጋኔን እጅ ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ነው። በውስጡም ሰይፍ አንጥረኞች ተደብቀው የሚኖሩበት መንደር አለ፤ ባየሁት ቁጥር ጋፋት ትዝ ትለኛለች። ከሁሉ አስቀድሙ ብባል ፉልሜታልን እመርጣለሁ። ዝም ብለው ደም የሚረጩ፣ ሞት የማይከብድባቸው ተከታታዮችም አሉ፤ እነሱ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

የአታክ ኦን ታይታን ደራሲ ሃጂሜ ኢሳያማ ያደገው ሂታ በተባለች የጃፓን ከተማ አካባቢ፣ በተራራ በተከበበ መንደር ነው። የግንቡን ሐሳብ ከዚያ እንዳገኘው ተናግሯል። ዛሬ እዚያ ካለ ትልቅ ግድብ ግርጌ የሦስቱ ልጆች ሐውልት ቆሟል፤ ግድቡን ልክ እንደ ግንቡ ቀና ብለው ያዩታል። አፍቃሪዎች ከዓለም ዙሪያ ሄደው አጠገባቸው ፎቶ ይነሣሉ። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ጉዞ ከሃይማኖታዊ ጉዞ ጋር አንድ ስም ሰጥተውታል። እኛም ጋ ጀማሪዎች አሉ፤ የብስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር»ንና «ሐዊ»ን አውጥቷል፣ ኢትዮጵያውያን ጀግኖች በአማርኛ ሲናገሩ ማየት ደስ ይላል። ጋፋት ግን እስካሁን የሚሥላት ሰው እየጠበቀች ነው።

የአክስቴን ልጅ አንድ ቀን ይዤው ወጣሁ፤ ጎረቤት ሆኖ በቅጡ አይቷት አያውቅም ነበር። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነፋሱ ገጹን እየገለበጠበት መሣል ጀመረ። ንጉሡን ይሥላል ብዬ ነበር። የሣለው ግን መድፉን ነው፤ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያ ጎታቾቹን፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በተለየ ፊት። የፊተኛው ላይ ሲደርስ እርሳሱን አቆመና፣

«እታለም፣ ይኼን ሰውዬ ማን ልበለው?» አለኝ።