የወንድሜ ትንፋሽ በሲልቨር ስፕሪንግ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። አንዱ ምክንያት የሰዓቱ ልዩነት ነው፤ ሌላው ግን ዝምታው ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ጉለሌ በአንድ ክፍል ነው ያደግነው። የሱ ማንኮራፋት አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ከክፍሉ የሚመጣው እንደ ሩቅ ንፋስ ያለ ቀጭን ሽውታ ብቻ ሆነብኝ። ተነሥቼ በሩ ላይ ጆሮዬን ደቀንኩ። ሽውታው አይቆምም፣ አይቆራረጥም።

ጠዋት ባለቤቱ ቡና ስታፈላ ጠየቅኋት። "ማሽኑ ነው፤ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው" አለችኝ። ጋሼ የምለው ይህ ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው። አንድ ቀን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት አስቁሞት ሳለ መሪውን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ከኋላው የነበረ ሰው ክላክስ ሲነፋበት ነው የባነነው። ሐኪሙ ቤቱ ወስዶ የሚያድርበት መመርመሪያ ሰጠው፤ ደረት ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ። ትንፋሹ በየሰዓቱ 38 ጊዜ ሲቆም ወይም ሲቀንስ እንደሚያድር ታወቀ። የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ሰከንድ የዘለቀው ነው። በሰዓት ከ5 በታች ደህና ነው፤ 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል።

ይህን ስሰማ አባታችን ትዝ አለኝ። እሱም ያንኮራፋ ነበር፤ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይባንናል። እናታችን "ዱካክ ተጫነው" ትልና አማትባ ትተኛለች። እኛ ልጆቹ ከባድ እንቅልፍ ነው እንል ነበር። በደም ግፊት ሲታከም ኖሮ በስትሮክ ነው ያረፈው። በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚያቋርጠው ይህ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የደም ግፊትና የስትሮክ ጓደኛ መሆኑን ዛሬ ሐኪሞች ያውቃሉ። አባቴን ግን ስለ እንቅልፉ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ማሽኑን ጋሼ ራሱ አሳየኝ። ሲፓፕ ይሉታል። ኦክስጅን የሚሰጥ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። የክፍሉን አየር በግፊት በማስክ እየላከ ጉሮሮ እንዳይደፈን ከፍቶ ይይዛል። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ ሐኪም ሲድኒ ውስጥ ሠርቶ ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ለከባድ ሕመምተኛ የነበረው ዋና መፍትሔ አንገትን መብሳት ነበር።

በዚያ ቤት ከቡናው በፊት ቁጥር ይነበባል። ጋሼ በእጁ ሰዓት አሥሮ ያድራል፣ በጣቱ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን የሚመዘግብ ቀለበት፣ በፊቱ ደግሞ ማስክ። እኔ በሄድኩበት ሰሞን ያሳደገችን አክስታችን አርፋ ነበር። ለቀብሯ መድረስ ስላልቻለ አርባዋ እስኪወጣ ጢሜን አልላጭም ብሏል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጥሩ እንቅልፍ ተኝተሃል አለው። የማሽኑ የስልክ መተግበሪያ ከ100 84 ሰጠው። ቀለበቱም ከ91 በታች አልወረደም። እሱ ግን ራሱን ይዞ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ስኒውን መያዝ አቅቶት ተቀምጧል።

ነገሩን ያገኘችው ባለቤቱ ናት፤ ነርስ ናት። ነጥቡን አልፋ ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ከፈተች። ትንፋሹ በሰዓት 14 ጊዜ ተቋርጧል፤ ከማስኩ የሚያመልጠው አየርም ከወትሮው ብዙ እጥፍ ሆኗል። የሐዘን ጢሙ ማስኩን ከፊቱ አላጣብቅ ብሎት ኖሯል!

ታዲያ 84 ከየት መጣ? የሱ መተግበሪያ ከ100ው 70ውን የሚሰጠው ማስኩ ፊት ላይ ለቆየበት ሰዓት ነው። ለተቋረጠው ትንፋሽ የተመደበው 5 ብቻ ነው። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያየው ይህንኑ ሰዓት ነው፤ በተከታታይ 30 ቀናት ውስጥ ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀም። ማሽኑ ይህን በራሱ መስመር ይልካል። ሰው ማስኩን እንዲለምድ ማበረታታቱን አልነቅፍም። ሰዓት መቁጠር ግን ትንፋሽ መቁጠር አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ነጥብ ጠቅልሎ ለሕመምተኛ መስጠት ስሕተት ነው እላለሁ።

የእጅ ሰዓቱም ቢሆን ለዚህ ሥራ አልተፈቀደም። የአፕልና የሳምሰንግ ሰዓቶች በ2024 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያገኙት ፈቃድ ሕመሙ ገና ያልታወቀለትን ሰው ለመጠቆም ነው። የአፕሉ የእጅን ጥቃቅን እንቅስቃሴ በ30 ቀናት እያጠራቀመ ያያል። ታክሞ ማስክ ያደረገ ሰው ዛሬ ሌሊት እንዴት አደረ ለሚለው መልስ የለውም።

ቀለበቱ ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት፤ ይህን የወንድሜ ባለቤት ስትነግረኝ ስኒዬን አስቀምጬ ነው የሰማኋት። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚያነበው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ የወጣ የሚሺጋን ሐኪሞች ጥናት ከደም ከተለካው ኦክስጅን ጋር አስተያየው። መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ እውነተኛው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁር ሕመምተኞች ንባብ 11.7 በመቶው ላይ ነው፤ ከነጮቹ 3.6። እንግዲህ በእኛ ቆዳ ላይ "ደህና ነህ" የሚለውን ቁጥር በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

ጋሼ ግፊቱን ራሴ ከፍ አደርገዋለሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር። ባለቤቱ እጁን ያዘችው። ግፊት ሲጨምር የሚያመልጠውም ይብሳል፣ አንዳንዱ ሰው ላይም ሌላ ዓይነት የትንፋሽ መቆም ያመጣል። የአንድ ሳምንቱን ዝርዝር አትማ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችው። ባለሙያዋ ጢሙን አይታ "ይላጩት" አለች። እሱ አንገቱን ደፋ። ባለቤቱ የአርባውን ነገር አስረዳቻት፤ ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆየችና አፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚገጠም፣ ጢም የማይነካ ትንሽ ማስክ አመጣች። በሦስተኛው ሌሊት የሚቋረጠው ትንፋሽ በሰዓት 3 ጊዜ ሆነ። ጢሙም እስከ አርባው ቆየ።

እኔ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ታናሽ ወንድማችንም ያንኮራፋል፤ እንዲያውም በዚህ እንስቅበት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ቤት ሲያድር ስልኬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማንኮራፋቱ ሲቆም መቁጠር ጀመርኩ። አየር ስቦ እስኪባንን 24 ሰከንድ ሄደ። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።