ወግዲ ድረስ አምስት ሰከንድ

«ጊዜው አልፏል፤ እንደገና ይሞክሩ» የምትለዋን መልእክት የምንጽፋት እኛ ፕሮግራመሮች ነን። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ፣ ፋይበር የገባለት ቢሮ ውስጥ፣ ማኪያቶ ይዘን ነው የምንጽፋት። የሚያነባት ሰው ግን ወግዲ ሊሆን ይችላል። ደጋው ላይ፣ ከአባይ ሸለቆ በላይ፣ ኔትወርኩ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ፣ ባለሱቁ ፊት ለፊቱ ቆሞ «ገባ?» እያለው።

ያደግኩት እዚያ ነው። ማዶ ለማዶ መጣራት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከአፋፉ ላይ ሆነህ ስም ትጠራለህ፣ «አቤት» እስኪመለስ ጆሮህን ትጥላለህ። ካልተመለሰ ወይ ሰውየው የለም፣ ወይ አልሰማህም፣ ወይ ደግሞ «አቤት» ብሎ ድምፁን ንፋስ ወስዶታል። አንተ ዘንድ የሚደርሰው ዝምታ ግን አንድ ዓይነት ነው። ቲሲፒም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። ሊኑክስ ለብዙ ዓመታት በነበረው አሠራሩ ጥሪው መልስ ሲያጣ ከ1 ሰከንድ በኋላ ይደግማል፤ ከዚያ 2፣ 4፣ 8 እያለ ስድስት ጊዜ ይደጋግምና ተስፋ የሚቆርጠው 127 ሰከንድ ገደማ ላይ ነው። በእኔ ግምት ደህና ጨዋ ነው።

እኛ ነን ትዕግሥት የሌለን። በፊት የሠራሁበት አንድ ድርጅት የክፍያ መተግበሪያው ላይ ያስቀመጠው ገደብ 5 ሰከንድ ነበር። ለምን 5 ብዬ ስጠይቅ «እኛ ጋ ግማሽ ሰከንድም አይፈጅም» ተባልኩ። እስቲ እንቁጠር። የሰርቨሩን አድራሻ ለመጠየቅ አንድ ምልልስ። ለቲሲፒ ጥሪና አቤት አንድ። የምስጢር ቁልፍ ለመስማማት በቲኤልኤስ 1.2 ሁለት (በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.3 ወደ አንድ አውርዶታል)። ዋናው ጥያቄ ከነመልሱ አንድ። በደከመ ቱጂ መስመር ላይ አንዱ ምልልስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ አይገርምም። በቃ፣ አንዲት ፓኬት ሳትጠፋ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ አምስቱ ሰከንድ አለቀ።

«ታዲያ 60 አድርገዋ!» ትሉ ይሆናል። ፕሮግራሙ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ስክሪኑም አብሮ ይደርቃል፤ ሰርቨር ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀርፋፋ ስልክ ሌላውን ሰልፍ ሁሉ ያስቆማል። ሳይቆሙ መጠበቅ፣ ማለትም ኖን-ብሎኪንግ፣ ለዚህ ነው የመጣው። እናቴ እንጀራ ስትጋግር እንደምታደርገው ነው፤ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ደጅ የመጣውን ታናግራለች፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ትመለሳለች። ኮምፒውተር ላይ እንፋሎቱን የሚያይልን ሴሌክት ወይም ኢፖል ነው። ይኼኛው ሶኬት የሚነበብ አለው፣ ያኛው ለመጻፍ ዝግጁ ነው ይለናል።

ቲኤልኤስ ሲጨመርበት ነገሩ ይወሳሰባል፤ እኔም በጣም የምወደው ቦታ ይኼ ነው። ኦፕንኤስኤስኤልን «ይኼን ጻፍልኝ» ብትለው «መጀመሪያ ማንበብ አለብኝ» ብሎ ሊመልስልህ ይችላል። አልተበላሸም፤ ቁልፍ ስምምነቱ ካላለቀ ከወዲያ በኩል የሚጠብቀው ነገር አለ። አንተ ግን እልህ ይዞህ ኢፖልን «ለመጻፍ ሲመች ቀስቅሰኝ» ካልከው፣ ሶኬቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ለመጻፍ ይመቻል። ወዲያው ይቀሰቅስሃል፣ ትሞክራለህ፣ «ማንበብ አለብኝ» ትባላለህ፣ እንደገና ይቀሰቅስሃል፤ ይኼ በሰከንድ ሺህ ጊዜ። ትርፉ የጋለ ስልክና ያለቀ ባትሪ ነው። መብራት በጠፋ ሳምንት ደግሞ ባትሪ ማለት ሶላር ያለው ሰው ቤት ድረስ መሄድ ማለት ነው።

ሌላኛው ወጥመድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ላይብረሪው ከሶኬቱ አንብቦ፣ ምስጢሩን ፈትቶ፣ በራሱ ጓዳ ያስቀመጠው ዳታ አለ። ኢፖል የሚያየው ደጁን ብቻ ስለሆነ «ምንም አልመጣም» ይላል። ደብዳቤው ጓዳ ገብቷል፤ አንተ በር ላይ ፖስተኛ ትጠብቃለህ። ከዚያ ገደቡ ይደርስና ኔትወርኩን እንረግማለን። (ኔትወርክ ያለ ጥፋቱ ብዙ ይሰደባል። የስልኩን ዓመት በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው፣ ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚቀር የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ገና ያልጸና ይመስለዋል። ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ጥፋተኛዋ ግን ማማዋ ትሆናለች።)

ገደቡን የት እንደምናስረውም ነገር ነው። ባይት በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ከዜሮ ካስጀመርነው፣ በየአራት ሰከንዱ አንዲት ጠብታ የሚልክ መስመር ዕድሜ ልክ ያስጠብቀናል። የእኔ አቋም፦ ለመገናኘት አንድ ገደብ፣ ለቁልፍ ስምምነቱ አንድ፣ ለጠቅላላው ሥራ ደግሞ የማይታደስ የመጨረሻ ሰዓት።

ከሁሉ የሚከፋው ጥያቄው ከተላከ በኋላ ገደቡ ሲደርስ ነው። ብሩ ወጥቶ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል፤ ላይወጣም ይችላል። አጎቴ በሌላ መተግበሪያ «እንደገና ይሞክሩ» ሲባል ታዘዘ፤ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ከፈለ። ለማስመለስ መካነ ሰላም ድረስ ሁለቴ ተመላልሷል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ስልኩ ራሱ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሲደግምም ያንኑ ቁጥር ይልካል፣ ሰርቨሩ ቀድሞ የሠራውን ደግሞ አይሠራም። አሁን በምሠራበት ቦታ መልእክቷን «ብሩ መውጣቱን እያጣራን ነው፤ ደግመው አይላኩ» በሚል ቀየርኳት። እናቴ ስልክ ላይ ሳነብላት «አብሽር፣ እሱማ ይገባል» አለች።

ማንኛውም ቁጥር የማይበቃበት ጊዜም አይተናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። እዚያ ላይ 60 ሰከንድም 600ም አንድ ነው። ኮዱ ማድረግ የሚችለው ሙከራውን እያራራቀ መሄድ፣ ልዩነቱንም በዕጣ ማዛባት ነው፤ አለበለዚያ መስመሩ የተመለሰ ዕለት ስልኩ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ሰርቨሩ ላይ ይወርድበታል።

በዚያ ክረምት ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም «ደህና ናችሁ?» ብዬ ልኬ ነበር። ሰርቨሩ ተቀብሎ አንድ ምልክት አደረገባት። ገደብ የሚባል አልነበራትም። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ምልክቷ አንድ እንደሆነች ነች። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሥራ ላይ ሆኜ ስከፍተው ሁለት ሆናለች።