ከአምቦ ወደ ጉደር

ከአምቦ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጉደር ደረስን። ወንዙ ከዓለቱ ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ያስደነግጣል። አንድ አዛውንት ከብት ያጠጣሉ።

«ይህ ውሃ ዓባይ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ግን ማን ነው የሚያዝበት?» አሉን።

«አባባ፣ በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ ለሁለት ተካፈሉት። ኢትዮጵያን የጠራት የለም። በኅዳር ደግሞ 12 አገሮች ስለ አንታርክቲካ ተፈራረሙ። በዓለም ደቡብ ጫፍ ያለ የበረዶ ምድር ነው። ጦር አይግባበት፣ ለሰላምና ለምርምር ይሁን አሉ።»

«ሰው ይኖርበታል?»

«ቋሚ ነዋሪ የለውም።»

«ለበረዶው ተስማምተው ለውሃው አቃታቸው?» ብለው ሳቁ።

የቅርቡንም ነገርናቸው። ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓባይ ተፋሰስ አገሮች ስምምነት ጸና። ውሃውን በፍትሕ እንጠቀም፣ እንጠብቀውም ይላል። ኢትዮጵያ አለችበት። ግብፅና ሱዳን ግን አልገቡበትም።

«ታዲያ ገና ጎደሎ ነዋ!» አሉና ከብቶቻቸውን ነዱ።