የስጦታ ካርዱ ላይ የማን ስዕል ይሁን?

በኢንተርኔት ሱቅ የከፈተ ሰው የስጦታ ካርድ መሸጥ ሲጀምር እነ ሾፒፋይ ዝግጁ ስዕል ያቀርቡለታል። ባለሱቁ ካልቀየረው ቶሮንቶ ጫማ የሚሸጠውም ሲድኒ ቡና የሚቆላውም ያንኑ ካርድ ይልካል። እዚያ ብዙም ችግር የለውም። ካርዱ በኢሜይል ይደርሳል፣ ተቀባዩ ኮዱን አስገብቶ ዕቃውን ይመርጣል፣ ስዕሉን ልብ ብሎ የሚያየው የለም።

ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ ባናና በርኖስ በኢንተርኔት የምትሸጥ ወጣት ግን በዚሁ ስዕል ምክንያት ስንት ሌሊት አምሽታለች። ደንበኞቿ ውጭ አገር ያሉ የሰሜን ሸዋ ልጆች ናቸው። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ ገንዘቡን የሚቀበልላት ዋሽንግተን ያለ ወንድሟ ነው። ባናውን በቀጥታ መላክ እየተቻለ ካርድ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ ባና በፎቶ አይገዛም። የሱፉን ውፍረት፣ የአፈታተሉን ጥራት እጅ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ልጅ ከውጭ ይከፍላል፤ አንኮበር ያለችው እናት ደግሞ ካርዷን ይዛ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ደብረ ብርሃን ስትመጣ ዳስሳ ትመርጣለች።

እናት ኢሜይል የላትም። ቢኖራትም፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። ካርዱ ታትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ በሰው እጅ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች የሄዱት ከነዝግጁው ስዕል ነበር። አንዲት እናት ቀዩን ሪባን አይተው «የማን ሰርግ ነው?» ብለው ጠየቁ። ለገና ደግሞ በረዶ የለበሰ ጥድ ተሞከረ። ብርዱስ ደብረ ብርሃን ሞልቷል፤ የደጋው ሰው የሚያውቀው ግን ውርጭ ነው።

ከስዕሉ ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። በኮምፒውተሯ ላይ ያማረው የአማርኛ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ወጣ፤ እዚያ ያለው ማሽን ፊደሉ አልተጫነበትም። ጽሑፉን ወደ ስዕል ቀይራ በመላክ ይህን ገላገለችው። የማይገላገለው ሌላ ነበር። እንግሊዝኛው አንድ የምኞት መግለጫ ጽፎ ለዓለም ሁሉ ይልካል። አማርኛ ግን ገና ከመጀመሪያው ቃል «ለማን?» ይላል። እንኳን አደረሰህ፣ አደረሰሽ፣ አደረሰዎ፣ አደረሳችሁ። ልጅ እናቱን «አንቺ» ይላል፤ ምራት «እርስዎ» ትላለች። ልጅየው በላከው ካርድ ላይ «እርስዎ» ተብሎ ቢመጣ እናት ልጄ ተቆጥቷል ወይ ብላ ታድራለች። አንድ ለሁሉ የሚሆን ካርድ በአማርኛ አይሠራም፤ ላኪው ተጠይቆ በየስሙ መጻፍ አለበት።

የብር መጠኑስ? ዝግጁው ካርድ ዋጋውን ስዕሉ ላይ በትልቁ ያትማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የታተመ ካርድ በእጇ የነበረ እናት፣ ልጇ በከፈለው ዶላርና በእሷ ካርድ መካከል የነበረው ዝምድና ሲበጠስ ያየችው ሱቅ ስትደርስ ነው። ላኪው ያሰበው ባና ነበር እንጂ ቁጥር አልነበረም። አሁን ካርዱ ላይ የሚጻፈው «አንድ የመንዝ ባና» ነው። የዋጋውን ንረት የምትሸከመው ሱቋ ናት፤ ከባድ ነው፣ ግን ትክክለኛው ቦታው እዚያ ነው። ገንዘቡን አስቀድማ የተቀበለችው እሷ ናት።

በመጨረሻ የስዕሉ ባለቤት ማን ነው የሚለው ቀረ። ጥያቄው ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1841፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው አንጎለላ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ውል ተፈራርመዋል። እንግሊዞች ጠመንጃና ሌላም ብዙ ገጸ በረከት ይዘው ነበር የመጡት። ሐሪስ እንደጻፈው ውሉ በአንድ ብራና ላይ በሁለት ዓምድ ተጻፈ፤ በአማርኛው ራስጌ ሥላሴ፣ በእንግሊዝኛው ራስጌ የእንግሊዝ ዘውድ ዓርማ ተሣለ። አንዱ የሌላውን ስዕል በራሱ ጽሑፍ ላይ አልጫነም።

የዛሬዎቹ ላኪዎች ግን ከፋዮች ናቸውና ምርጫቸውን ይጭናሉ። አንዱ ከአዲስ መኪናው ጋር የተነሳውን ይልካል። ሌላው ጭላዳ ዝንጀሮ ይሁንልኝ ይላል፤ ለእሱ ጭላዳ ናፍቆት ነው፣ ገብሷን ስትጠብቅ ለምትውል እናት ግን ሌላ ነገር ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ በርናትዝ ከሐሪስ ጋር መጥቶ የሣለውን የድሮውን አንኮበር ያቀረበም አለ። ግሩም ስዕል ነው፤ እናቶች ግን አገራቸው መሆኑን አላወቁትም። ወጣቷ ሁሉንም ሞክራ የደረሰችበት ቀላል ነው፤ የልጁ ፊት፣ በቅርብ የተነሳ፣ ያለ መኪናው።

ይህ ደግሞ ያልታሰበ ጣጣ አመጣ። አንደኛ፣ የሰፈር ልጆች ካርዱን በስልክ አንስተው ለምስጋና ቴሌግራም ላይ ለጠፉት፣ ኮዱም አብሮ ተለጠፈ። ኮዱን ያየ ሁሉ ቀድሞ ሊጠቀምበት ይችላል። ሁለተኛ፣ እናቶቹ ለባናው መምጣት አቆሙ። ካርዱን ሱቅ ላይ ማስረከብ አለባችሁ ሲባሉ የልጄን ፎቶ አልሰጥም አሉ፤ ግድግዳ ላይ ከቤተሰቡ ፎቶ ጎን ሰቅለውታል። ተከፍሎበት ያልተወሰደ ባና ሱቅ ውስጥ ተከመረ። ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም።

አሁን ካርዱ ከግርጌው ተቀዳጅ ሆኖ ይታተማል። ኮዱ የሚጻፈው በቁራጩ ላይ ብቻ ነው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ቁራጯ በመቀነት ተቋጥራ ደብረ ብርሃን ትመጣለች።