በአሸዋ ላይ ጎልፍ፦ ከአል-ጣኢፍ እስከ አዲስ አበባ

አል-ጣኢፍ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ሠፈር ነው። አል-ሪያድና አል-መንሺያ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አል-መንሺያን አልፈው ወደ ምሥራቅ የዘለቁ እንደሆነ ጥቁር ዓባይን ያገኙታል። የግንብ አጥር ያላቸው ቤቶች፣ በየደጁ የኒም ዛፍ፣ በቤቶቹ መካከልም ገና ያልተሠራባቸው ባዶ የአሸዋ ቦታዎች ነበሩበት። በበጋ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ስለሚበልጥ ሰው ሥራውን በማለዳና በማታ ይሠራል እንጂ ቀትር ላይ ደፍሮ የሚወጣ የለም። ሣር የሚባል ነገር የሚታየው ውኃ በሚጠጣበት ግቢ ውስጥ ብቻ ነው።

በዚህ አገር ጎልፍ ይጫወታሉ ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን፣ ከ1956 እ.ኤ.አ. በፊት፣ በሱዳን የነበሩ መኮንኖችና ሹማምንት በአሸዋ ላይ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ብንገልጸው፣ ጎልፍ ትንሽ ጠንካራ ኳስን በበትር እየመቱ በየተራ ወደ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች ማስገባት ነው፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ተጫዋቹ ከ14 የሚበልጥ በትር መያዝ አይፈቀድለትም። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ስፍራ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተቆረጠ ስለሆነ በሌላው ዓለም «አረንጓዴው» ይባላል። በአሸዋ አገር ግን አሸዋውን በዘይት አሽተው ነፋስ እንዳያነሣው ያደርጉታል፤ ስሙም በመልኩ «ቡናማው» ሆነ። ተጫዋቹ ከቡናማው ሲወጣ የእግሩን ዱካ በመጥረጊያ አስተካክሎ ለቀጣዩ ይለቃል። በመንገዱ ላይም ኳሱን ከአሸዋው አንሥቶ የሚያስቀምጥባት ትንሽ ምንጣፍ በክንዱ ሥር ይይዛል።

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. እኛ ባልና ሚስት በአል-ጣኢፍ የሚኖሩ ዘመዶቻችንን ልንጠይቅ ሄደን ይህን በዓይናችን አየን። ባልየው ጡረታ የወጡ ሻምበል ሲሆኑ በአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ እንጀራ እየጋገሩ ለአገራቸው ሰዎች ያደርሱ ነበር። ሻምበል በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ በትር ተሸካሚ ነበሩ። ካርቱም ከገቡ በኋላ ሦስት አሮጌ በትሮች ከዕቃ ሻጭ ገዝተው፣ ከቤታቸው አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ የቦታውን ባለቤት አስፈቅደው ሁለት ጉድጓድ ቆፈሩ። አሥራ ስምንት ለመሙላት ዘጠኝ ጊዜ መመላለስ ነው። ውጤት ጸሐፊዋ እትዬ ናቸው። የእንጀራ ሒሳብ በሚጽፉበት ደብተር የኋላ ገጽ ላይ የባላቸውን ምት ይመዘግባሉ፤ አንዲት ምትም አይምሩም።

«አምስት ነው የመታሁት» ይላሉ ሻምበል።

«ስድስት ነው ሻምበል። አንዷን አሸዋ ብቻ ነው የመቱት፤ እሷም ትቆጠራለች።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጎልፍ ባልን ለአራትና አምስት ሰዓት ከቤት የሚያስወጣ ጨዋታ ነው እየተባለ በየአገሩ በሚስቶች ዘንድ ይታማል። የአል-ጣኢፉ ሜዳ ግን ከማድ ቤቱ በር ይታይ ስለነበር ሐሜቱ አልደረሰበትም።

ከሣምንት በኋላ ወደ አገራችን በየብስ ስንመለስ ሻምበልና እትዬም ለገና በዓል አብረውን ተሳፈሩ። ሦስቱ በትሮች በጆንያ ተጠቅልለው ከጓዛችን ጋር ተጫኑ። ዋድ መዳኒን አልፈን ገዳሪፍ ስንደርስ አሸዋው በጥቁር መረሬ አፈር ተተካ፤ ይህ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። አውቶቡሱ ጎማ ሲቀይር ሻምበል አንድ ኳስ ቢመቱ፣ መሬቱ በደረቅ ወራት እንደሚሆነው ተሰነጣጥቆ ኖሮ ኳሱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እትዬ ወዲያው «ጉድጓድ ገብቷል ብዬ ልጻፍ?» ብለው ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቁት።

ጋላባትና መተማ በአንድ ትንሽ ወንዝ ማዶና ማዶ የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት በዚሁ ስፍራ ነው። በኅዳር 1940 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ጋላባት ላይ በነበረው የጣልያን ጦር ላይ ማጥቃት ከፍቶበታል። ሻምበል እዚህ በትራቸውን ከጆንያው አላወጡም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ቆሙ።

ከመተማ ወደ ጎንደር መንገዱ ሽቅብ ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በታች ስትሆን፣ ጎንደር ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ሲሳሳ የሚመታ ኳስ ርቆ ይሄዳል፤ ሻምበል ከከተማው ዳር ባለ የግጦሽ መስክ ላይ ሲመቱ ይህን በገዛ ዓይናቸው አይተው እንደ ልጅ ተደሰቱ። የገና ሰሞን ነበርና የሠፈሩ ልጆች የገና በትራቸውን ይዘው ከበቡን። ቆልማማውን በትርና የጎልፉን በትር ጎን ለጎን አስተያዩ። አንዱ ልጅ በገና በትሩ የጎልፍ ኳሱን ሲለጋት ከሻምበል ምት ብዙ አልራቀችም፣ ብዙም አላነሰች።

በአዲስ አበባ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የጎልፍ ክለብ አለ፤ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥም ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለ። ማዘጋጃ ቤት ለማንም ዜጋ የከፈተው ሜዳ ግን አላየንም። ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚባለውም ከዚህ ይመስለናል። በትውልድ አገሩ በስኮትላንድ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥንታዊው የሴንት አንድሩስ ሜዳ የሕዝብ ነው፤ የከተማው ሰውም በእሑድ ጨዋታ ሲቆም ከነልጆቹ ይንሸራሸርበታል። ወታደሮችን የሚመለከት አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፦ በ1457 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ምክር ቤት ጎልፍን በሕግ ከለከለ፤ ምክንያቱም ወጣቱ የቀስት ልምምዱን እየተወ ኳስ ሲመታ በመዋሉ ነው። የክፍል አዛዦች ይህን ሲያነቡ ፈገግ ይሉ ይሆናል።

ሻምበልና እትዬ ከበዓሉ በኋላ ወደ አል-ጣኢፍ ተመለሱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ውጊያው የጀመረው በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ጭምር ስለነበር እነርሱ ያሉበት ሠፈር ወዲያው ተኩስ ውስጥ ገባ። ውኃና መብራት ተቋረጠ። ሁለቱ ሽማግሎች በገዳሪፍ በኩል ያንኑ መንገድ ይዘው መተማ ደረሱ። በትሮቹ ቀሩ፤ በኬላ ላይ ከሩቅ ሲታይ መሣሪያ የሚመስል ብረት ይዞ ማለፍ እንደማይበጅ የቀድሞው ወታደር ያውቃሉ። እትዬ ደብተሩን ይዘው ወጡ፤ የፊት ገጾቹ ላይ ሰው ያልከፈላቸው የእንጀራ ዕዳ ሰፍሯል። ከባለዕዳዎቹ ሦስቱ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከተማይቱን መልሶ ያዘ፤ አንዳንድ ነዋሪዎችም መመለስ ጀመሩ።

ሻምበል አሁን አዲስ አበባ ናቸው። ጋዜጣ ላይ ስለ እርሳቸው ልንጽፍ መሆኑን ስንነግራቸው «ስለ እኔ ተዉት፤ ቡናማው እንዴት እንደሚሠራ ጻፉላቸው፤ በቆላ ያለ ጦር ይጠቅመዋል» አሉን። እነሆ። ደልዳላ መሬት ምረጡ፤ ከመሃል አራትና አምስት ሜትር ዙሪያውን ድንጋይ ልቀሙ፤ ደቃቅ አሸዋ ጣት በሚያህል ውፍረት አልብሱት። ደንቡ የጉድጓዱ አፍ 10.8 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይላል፤ ከዚህ መጠን የሚቀራረብ የወተት ቆርቆሮ ቀብሮ መጠቀም ይቻላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈስሱ አሉ፤ ውኃ ጉድጓድና ልጆች ባሉበት ግን ይህ አይገባም፤ ማለዳ ማለዳ ውኃ ረጭቶ መጠቅጠቅ ይበቃል። የመጥረጊያውን ሥራ ለልጆች ስጡ። ደብተሩን ደግሞ፣ ይላሉ ሻምበል፣ ለሚስቶቻችሁ።